አባዬ፣ ሙቀቱ ሳይገባ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እግርህስ? እኛ ደህና ነን። ማሙሽ ማንበብ ጀምሯል፤ የሱቅ ታፔላ አይቀረውም። ሐኪሙ ስለ እግርህ ያለውን እህቴ ነግራኛለች፤ እሱን ስመጣ እናወራለን። ብቻ የሶማሊያ ጦርነት ትዝታህ ቀረጻ ከቀጠሮው በፊት ይጀመር።

በጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀመጡ። የድሬ ሙቀት ከገባ ቬንቲሌተሩን ማጥፋት አይቻልም፤ እሱ ደግሞ ድምፅህን ይውጠዋል። ፍሪጁም ይነቀል። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ ከተደወለ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ስታወራ ጠረጴዛ ስለምትመታ ስልኩን በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ካፍህ አንድ ስንዝር አርቃችሁ አስቀምጡት። ድምፅ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ (WAV) ፎርማት፣ በአንድ ቻናል (ሞኖ) ይቀዳ፤ 1 ሰዓቱ 320 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ይላክ፤ የድምፅ መልእክት ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ሁለት ፍላሽ ላይ ተገልብጦ እስኪደመጥ ከስልኩ አይጥፋ። አንዱ ፍላሽ ሐረር፣ አክስቴ ቤት ይቀመጥ።

እህቴ «ካራማራ ነበርክ?» ብላ አትጠይቅህ፤ «ነበርኩ» ብለህ ትዘጋዋለህ። «ከጅጅጋ ስትወጡ ምን ይዘህ ነበር? ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር? አጠገብህ ማን ነበር?» ትበል። ቀን ቢምታታብህ አታርምህ፤ ያልከው እንዳለ ይቀመጥ፣ እርማቱ ለብቻ ይጻፍ። ጅጅጋ መስከረም 1970 እንደተያዘች፣ የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድል እንደተገኘ ከመጽሐፍ እናገኛለን። በመሃል ያሉትን ወራት አንተ የት እንዳሳለፍክ ግን ማንን እንጠይቅ?

ለጓደኞችህ በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ታወራለህ። እኛ ያልተመለሰውን ጋሼን ባነሳን ቁጥር ግን ተነስተህ ትወጣለህ። እማማ እስክትሞት በሯን ሳትቀረቅር ነው ያደረችው፤ ለሷም አልነገርካትም። ይሄ ዛሬም ያመኛል አባዬ። ፊትህ ቆሜ ማለት ስላልቻልኩ ነው የጻፍኩት።

ማንም እንዲሰማህ ካልፈለግክ እህቴ ከፍታልህ ትውጣ። መጀመሪያ ላይ «ይሄን እስከዚህ ጊዜ አትክፈቱ» በል፤ ፋይሉን ለይተን እናስቀምጠዋለን፣ እኔም አልከፍተውም። ከ40 ደቂቃ በላይ አትቀመጥ። ከከበደህም ወዲያው አቁም፤ በማግስቱ ይቀጥላል።

ስትጨርሱ ፍሪጁን መልሳችሁ ሰኩት። ኢንሱሊንህ እዚያ ነው።

ልጅህ