ባትሪዋን ከዚህ አልልክም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአቡሽ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የሜሪላንድ ብርድ ብቻ ነው ያልለመድኩት።

ባለፈው ስትደውል «መብራት ሲሄድ ቤቱን የምታንቀሳቅሰውን ያቺን ትልቋን ባትሪ ገዝተሽ በሰው ላኪልን» አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በቅናሽ አግኝቻት ልከፍል ነበር። ድንገት ያ የላክሁላችሁ ጁስ መፍጫ ትዝ አለኝ። ገና ሲሰካ ጨሶ ቀረ አይደል? እዚህ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እዚህ የሚሸጡት ባትሪዎችም በአብዛኛው የሚያወጡት 120 ነው። ደግሞ መንገደኛ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ ይዞ አውሮፕላን አይሳፈርም። አንተ የመረጥካት 1,000 ናት! ብሩን ልላክልህና እዚያው ግዛ።

ሻጩ አንዱን ቁጥር ብቻ እያሳየ እንዳይሸውድህ። ዋቱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደምትሸከም ይነግርሃል፣ ዋት-ሰዓቱ ደግሞ ምን ያህል እንደምትቆይ። 1,000 ዋት-ሰዓት ከተባለች 850 ገደማ ነው የምትጠቀመው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። አራት አምፖል፣ ዋይፋይና ቴሌቪዥኑ ቢደመሩ 100 ዋት አካባቢ ናቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ብትጀምሩ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያደርሳችኋል። ምጣዱን ግን እርሱት። እሱ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል።

እኔን የሚያሳስበኝ የእማዬ ኢንሱሊን ነው። ፍሪጅ ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። «600 ዋት ትችላለች» ስላሉህ ብቻ አትመን። ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ ግድግዳው መብራት የተስተካከለ ኃይል የምትሰጥ መሆኗን ጠይቅ፣ ከተቻለም ሳትከፍል እዚያው ሱቅ ፍሪጅ አስነሳባት። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ ሮጣችሁ አትሰኩት። ልጆቹም «ምን አለ?» እያሉ አይክፈቱት። የጀመረችው ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ውጭ መቆየት ይችላል፤ የእሷን ዓይነት ሐኪሟን ጠይቅ። ብርድ የግድ የሚያስፈልገው ላልተከፈተው ነው። በሚያዝያ የአዳማ ሙቀት ግን ቤታችን 30 አያልፍም ብዬ አልምልም።

የባትሪው ዓይነት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይሁን። ዋጋው ወደድ ቢል እንኳ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሙቀትም የተሻለ ይችላል። ባትሪዋን የሚሞላውን ሶላር ጣሪያ ላይ ስትሰቅል ባትሪዋን ከቆርቆሮው ሥር አታስቀምጥ፣ ጥላና ነፋሻ ቦታ ፈልግላት።

ያ ሁሉ የነፋስ ማማ ከከተማው ዳር ተሰልፎ እየዞረ እኛ ሻማ ስንፈልግ የምናመሸው ነገር እስካሁን ያስቀኛል። ኃይሉ ወደ አገሪቱ መስመር እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ግን ያስቀኛል።

ብሩን ማክሰኞ እልካለሁ። ሱቁ ስትደርስ በቪዲዮ ደውልልኝና ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን አሳየኝ፣ አብረን እናነበዋለን። እኔ ሳላየው እንዳትከፍል!

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ።

እህትህ