ለአባቴ፣ በኖራ ስለተሸፈነው ሥዕል

ድሬዝደን፣ የካቲት 10

ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ብርድ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። «ይበቃል ልጄ፣ ብርሽን አትጨርሺ» እያልክ ስትዘጋው ጊዜ በወረቀት ጽፌ በሰው እጅ ልልክልህ ወሰንኩ። ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅህ፣ ረጋ ብለህ አንብበው።

ስለ አንድ ሠዓሊ ነው የምጽፍልህ። ሠዓሊነቱን ዓለም ሳያውቀው በፊት ወታደር ነበር፤ እንደ አንተ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ከተማ የሐዘን መታሰቢያ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1945 ፌብሩዋሪ 13 ማታ አውሮፕላኖች መጥተው ድሬዝደንን አቃጠሏት፤ ወደ 25,000 ሰው አለቀ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ማታ የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ደወሎች አንድ ላይ ይደወላሉ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ አሉ። ደወሉ ሲጀምር እጄን ያዙኝና እስኪያበቃ ድረስ አልለቀቁኝም። ከዚያ «አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ወታደር ነበር፣ ኋላ ቀለም ቀቢ ሆነ፤ ታፔላም ይጽፋል፣ ግድግዳ ላይም ይሥላል» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያውስ የኦቶ ዲክስን ‹ጦርነት› ሳታዪ ከዚህ ከተማ እንዳትወጪ» አሉኝ።

በዕረፍት ቀኔ ሄድኩ። አልበርቲኑም የሚባለው ሙዚየም ከኤልበ ወንዝ አጠገብ ነው። ሥዕሉን ገና ከበሩ ሳየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መሰለኝ። መሐሉ ትልቅ ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ እኛ ተካፋች ሥዕሎች ክንፍ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ሣጥን የረዘመ አራተኛ ሥዕል አለ። ወርዱ በጠቅላላው አራት ሜትር ይሆናል። ለማማተብ እጄን አንሥቼ ነበር። ቀረብ ስል ግን ቅዱስ የለም፣ መልአክም የለም። በግራው ክንፍ ወታደሮች በንጋት ጭጋግ ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ። በመሐሉ ሁሉም ነገር አልቋል፤ መሬቱ ተገልብጧል፣ አንድ አጽም ከላይ ተንጠልጥሎ በጣቱ ወደ ታች ያመለክታል፣ በሕይወት ያለው አንድ ሰው ቢኖር በጋዝ ጭምብል ፊቱ ተሸፍኗል። በቀኙ ክንፍ አንድ ሰው የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ከእሳቱ ይወጣል። ከሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ወታደሮች ተደርድረው ተኝተዋል። ይተኙ ይሙቱ መለየት አልቻልኩም። ብዙ ቆሜ አየኋቸው፤ የአንዱ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል የማይ እየመሰለኝ።

የቀለሙን ነገር ብታየው ትደነቅ ነበር። ሥራው ከ1929 እስከ 1932 ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። የጥንት የጀርመን ሠዓሊዎች እንደሚያደርጉት በእንጨት ላይ፣ ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየደረበ ነው የሠራው፤ ከሥር ያለው ከላይ ባለው ውስጥ አልፎ ይታያል። «የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን አታስነኪ» እያልክ እጄን የምትመልሰኝ ትዝ አለኝ። ስለዚያ ሁሉ ጭቃና ሬሳ እንዲህ ያለ ትዕግሥት! እኔ መሰለኝ፣ ለሙታኑ የሰጣቸው ክብር እሱ ነው።

እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ያለውን የዓድዋ ሥዕል አሰብኩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ፣ የእኛዎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ በአንድ ወገን፣ ጠላት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ክፉ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እዚህ ሥዕል ላይ ያንን ባለ አንድ ዓይን ሰው ፈለግሁት። ጠላት የሚባል የለም። ይህን ስል የዓድዋውን ማሳነሴ አይደለም፤ እሱ የምስጋና ሥዕል ነው፣ መሣል ያለበትም እንደዚያው ነው። ይህኛው ግን ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው፤ እኔም እዚያው ቆሜ አንተን ማሰብ ጀመርኩ።

ሰውየው የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ የተወለደው በ1891 ጌራ አጠገብ ነው። ሥራ የጀመረው እንደ አንተ በግድግዳ ቀለም ነው፤ አንድ የቤት ማስጌጥ ባለሙያ ዘንድ አራት ዓመት እየቀባ ተማረ። ከዚያ ነው ሥዕል ሊማር ወደ ድሬዝደን የመጣው። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ 22 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ መድፈኛ ሆነ፤ በ1915 የመትረየስ ጓድ ይዞ ወደ ፈረንሳይ ግንባር ወረደ፣ በ1916 ሶም ላይ ነበር፣ ከዚያ በሩሲያ በኩል፣ ከዚያ ተመልሶ ፍላንደርስ። አንገቱን ቆስሏል። የብረት መስቀል የሚባለውን ሜዳይ ተሸልሟል። በዚያ ሁሉ መሐል፣ ምሽጉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ባገኘው ወረቀትና በፖስታ ካርድ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሥዕል ሥሏል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ለዓመታት አንድ ሕልም ይመላለስበት እንደነበር ኋላ ተናግሯል፤ በፈራረሱ ቤቶች ውስጥ፣ በማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ በደረቱ ሲሳብ። ይህን ሳነብ ልጅ ሳለን የነበረው ሌሊት መጣብኝ። ትጮህና እማዬ ተነሥታ እጇን ግንባርህ ላይ ታደርጋለች፤ እኛን «አባታችሁ ሕልም እያየ ነው፣ አትቀስቅሱት፣ ተኙ» ትለናለች። ጠዋት ማንም ምንም አይልም። አንተም ሻይህን ጠጥተህ ባልዲህንና ብሩሽህን ይዘህ ትወጣለህ።

አባዬ፣ አሁን ወደ አዳራሹ ሥዕል ልምጣ። እንደማትወደው አውቃለሁ። አንዴ ብቻ ፍቀድልኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። የካራማራን ድል በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንድትሥል ሰዎቹ ጠየቁህ፤ ከዚያው የዘመተ ሠዓሊ ሌላ ከየት ይገኛል ብለው። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሠራህ። መብራት ሲጠፋ ፋኖስ የምይዝልህ እኔ ነበርኩ፤ የአኳራጁ ሽታ ከፀጉሬ አይለቅም ነበር። የሣልከው አምስት ወታደር ነው። አንድ የቆመ ታንክ አለ፤ በጥላው ሥር ተቀምጠው አንዲት ኮዳ ይቀባበላሉ። የመጀመሪያው ጠጥቶ ከንፈሩን በመዳፉ ይጠርጋል። ሁለተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣል። ሦስተኛው እጁን ዘርግቷል። አራተኛው ገና ልጅ ነው፣ ጢም የለውም፣ ኮዳዋን ብቻ ያያል። አምስተኛው ጀርባውን ሰጥቶናል፤ የጫማው ክር ተፈትቷል። መሬቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ነው። ያንን ቡናማ ለማግኘት ቀይ አፈር በወንፊት ነፍተህ ከቀለሙ ጋር ስታዋህድ አይቻለሁ።

ሰዎቹ መጥተው አዩት። «ጠላት የት አለ? ባንዲራው የት አለ? ይሄ ምኑ ነው ድል?» አሉ። አንተ «እሺ» አልክ። በማግሥቱ በራስህ ገንዘብ ኖራ ገዝተህ፣ በጥብጠህ፣ ሁለት እጅ ቀባኸው። ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ «ለምን ዝም አልካቸው?» ብዬ ጠየቅሁህ። ብሩሽህን ሳታቆም «እኔ የማውቀው ጥሙን ነው፣ ልጄ» አልከኝ።

ፈርተህ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የካቲት 26 በመጣ ቁጥር የሌሎቹ ልጆች አባቶች ሜዳይ አድርገው ሲወጡ፣ አንተ የሥራ ልብስህን ለብሰህ ወደ ሥራህ ስትሄድ፣ አፍሬብሃለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ይቅር በለኝ።

ዲክስም እንዲህ ያለ ሥዕል ነበረው። «ቦዩ» ይባላል፤ ቦምብ ያረፈበትን ምሽግ ነው ያሣየው። የኮሎኝ ከተማ ሙዚየም በ1923 ገዛው። ሰዎች ሲያዩት ተረበሹ፤ ሙዚየሙ ፊቱ ላይ መጋረጃ ሰቀለበት። የወታደሩን ክብር ይነካል ተባለ። ያንን የሚሉት ብዙዎቹ ምሽግ ያላዩ ነበሩ፤ የሣለው ሰው ግን አራት ዓመት ዘምቶ የተሸለመ ነው። በ1925 የከተማው ከንቲባ ግዢውን አፈረሱት፤ ኋላ የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት የሆኑት ኮንራድ አደናወር ናቸው። የሙዚየሙም ዳይሬክተር ሥራቸውን ለቀቁ። ዲክስ ግን በመካከሉ፣ በ1924፣ 50 የጦርነት ሥዕሎች አሳትሞ ነበር፤ በአሲድ በተበላ ዝርግ ብረት የሚታተም ዓይነት ነው። አሲዱ ብረቱን እንደሚበላው ሁሉ ሥዕሉ ላይ ያለው ፊትና ሥጋም የተበላ ይመስላል። የሙት መልክ እንዳይሳሳትበት ጣሊያን አገር ፓሌርሞ ድረስ ሄዶ፣ በምድር ቤት የተቀመጡ የደረቁ አስከሬኖችን ሥሏል።

ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ድሬዝደን ከሚያስተምርበት የሥዕል አካዳሚ አባረሩት። አካዳሚው ከአልበርቲኑም አጠገብ ነው፤ ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሥዕሎቹ የሕዝቡን አገር የመከላከል ፍላጎት ያዳክማሉ አሉ። ወደ 260 የሚሆኑ ሥራዎቹን ከሙዚየሞች ወሰዱ፤ በ1937 ሙኒክ ላይ «የተበላሸ ጥበብ» ብለው ለመሳለቂያ ካሳዩአቸው አንዱ ያ የቦዩ ሥዕል ነው። ከዚያ ጠፋ፤ የት እንደገባ እስካሁን የሚያውቅ የለም። የቀረው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው።

እሱ ራሱ በደቡብ፣ ቦደንዜ በሚባል ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዛፍና በረዶ ሲሥል ኖረ። የዘመኑ ሹማምንት አልተዉትም፤ በ1939 ለጊዜው አሰሩት። በ1945፣ በ53 ዓመቱ፣ እንደገና ጠመንጃ አስይዘው ላኩት፤ ፈረንሳዮች ማረኩትና ኮልማር እስር ቤት ገባ። እዚያም ለእስረኞቹ ጸሎት ቤት ሥዕል ሣለላቸው፤ እመቤታችንን ከእሾህ ሽቦ ፊት። በ1946 ወደ ቤቱ ተመልሶ እስከ 1969 ኖረ።

እኔን የያዘኝ ግን ያ የጠፋው ሥዕል ነው። ለእሱ ፎቶ ተርፎለታል። የአንተን ፎቶ ያነሣው የለም። ያየነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ሥራው ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ነው ከላይ አንድ በአንድ የጻፍኩልህ። የተሳሳትኩት ካለ አርመኝ። ሦስተኛው የዘረጋው ቀኝ እጁን ነው ወይስ ግራውን?

ሌላም የምጠይቅህ አለ። በቀኙ ክንፍ የቆሰለውን ተሸክሞ የሚወጣው ሰው ራሱ ዲክስ ነው፤ የራሱን ፊት ነው የሣለው። ይህን እዚያው ሲነግሩኝ አምስቱ ሰዎችህ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አንተ የትኛው ነህ? ልጅ ሆኜ ጢም የሌለው ትመስለኝ ነበር፤ ስትዘምት ገና ልጅ እንደነበርክ እማዬ ስለነገረችኝ። አሁን ግን ጀርባውን የሰጠን ላይ ነው ልቤ ያረፈው። ካልሆንክ፣ እሱ ማነው? ፊቱን ያልሣልከው ለምንድነው?

ይህን የምታመጣልህ ልጅ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። የእማዬ የጉልበት መድኃኒት አለ፤ ከምግብ በኋላ ነው የሚወሰደው፣ ታናሼ ጽፎ ይለጥፍላት። ለአንተ ስድስት ብሩሽ፣ ከለስላሳው ዓይነት፣ አንድ ወፍራም የሥዕል ደብተርና እርሳሶች ልኬያለሁ። የሥዕሉንም ካርድ ጨምሬበታለሁ፤ ከሥር ያሉትን የተኙትን ሰዎች በማጉያ መነጽርህ እያቸው።

ጥያቄዬን በደብዳቤ መመለስ ከከበደህ አትጻፈው። በእርሳስ ሥለህ ላክልኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የምትናፍቅህ ልጅህ