ቻተር ሊን ለምን ረሳችሁት?

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ድሮ የእንግሊዝ ሞተርሳይክሎች ያወጣችሁት ጽሁፍ አሪፍ ነው ግን ኖርተንና ትሪያምፍ ብቻ ሲሆንብኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ቻተር ሊ የሚባል ትንሽ የለንደን ካምፓኒ ነበርኮ! ዊልያም ቻተር ሊ በ1890 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሲጀምር የሳይክል ዕቃ ነበር የሚሰራው፣ ከዛ ለሌሎች ሞተርሳይክል ሰሪዎች ፍሬምና መለዋወጫ ሲሸጥ ሲሸጥ የራሱንም ማውጣት ጀመረ፣ ከ1907 ጀምሮ ደሞ ቀላል መኪና ሞከረ፣ መኪናው እንኳን ከ1922 አላለፈም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ፍጥነቱ ነው፦ በ1924 ዱጋል ማርቻንት የሚባል ተወዳዳሪ ብሩክላንድስ በሚባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ በ350 ሲሲ (የሞተር መጠን) ቻተር ሊ በሰዓት 100 ማይል አለፈ፣ ወደ 161 ኪሎሜትር ማለት ነው፣ በዛ ሲሲ ከሱ በፊት ማንም አልደረሰበትም፣ በዛን ጊዜ ጎማና ፍሬን እስቲ አስቡት! መኪና መንገድ ላይ ሲቆም የሚደርሱት የኤኤ (የእንግሊዝ የመኪና ነጂዎች ማህበር) ሰዎችም ሳይድካር (ከጎን የሚገጠም ጋሪ) ያለውን ቻተር ሊ ይነዱ ነበር። በ1928 ፋብሪካው ከለንደን ወጥቶ ሌችወርዝ ወደምትባል ከተማ ሄደ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሞተርሳይክሉ ቀረ።

በሚቀጥለው እትም ቢያንስ ፎቶውን አውጡልን በናታችሁ።

አንባቢያችሁ