ስለ ዮሰሚቲ የድንኳን ቦታ ምዝገባ

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ በካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ በድንኳን ለማደር ለሚያስቡ ቤተሰቦች የተሰጠው ምክር «ቀደም ብላችሁ ያዙ» የሚል ብቻ ነው። ይህ አይበቃም። በዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ እንደ አፐር ፓይንስ ባሉት ሰፈሮች ያሉት የድንኳን ቦታዎች፣ ሪክሬሽን ዶት ገቭ (Recreation.gov) በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የምዝገባ ድረ ገጽ ላይ የሚለቀቁት በፈረንጆች ወር በ15ኛው ቀን፣ የአንድ ወሩ በአንድ ጊዜ፣ እስከ 5 ወር አስቀድሞ ነው። ሰዓቱ በፓስፊክ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ስልክ ላይ 7:00 የሚለው ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ላለ ሰው ረፋድ 4 ሰዓት ይሆናል። የሰመር ቅዳሜና እሁድ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልቅ፣ በዚያች ሰዓት አካውንት መክፈትና የባንክ ካርዱን መፈለግ የጀመረ ሰው አይደርስበትም። ሁለቱም በዋዜማው ያለቁ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚውሉ አማራጭ ቀኖችም ተጽፈው የተቀመጡ መሆን አለባቸው።

የሰው ቁጥርም አለ። አንድ የድንኳን ቦታ ሕፃናትን ጨምሮ ከ6 ሰው በላይ አይቀበልም። እኛ ደግሞ የምንወጣው ዘመድ ከዘመድ ተጠራርተን ስለሆነ፣ 11 ሰው ሁለት ቦታ ያስፈልገዋል። ሁለት ሰዎች በየራሳቸው አካውንት በእኩል ሰዓት ይሞክሩ። ሲገቡ የያዘው ሰው መታወቂያ ስለሚጠየቅ፣ በማይሄድ ሰው ስም መያዝ አይገባም።

ጋዜጣችሁ በየወሩ ከ15ኛው ቀን በፊት በሚወጣው እትም፣ የሚለቀቁትን የማደሪያ ቀናትና የየከተማውን ሰዓት በአንድ አነስተኛ ሣጥን እንዲያወጣ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ