የሄሊኮፕተር ጭራ ቦታ ይሰጠው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሄሊኮፕተር አደጋ ሲወራ የሚነሣው ተራራ፣ ጭጋግና የሞተር መጥፋት ነው። ገና ከቆመበት ሳይወጣ ወይም ሊቆም ጥቂት ሜትር ሲቀረው የሚሰበረው ብዙም አይወራለትም። ሄሊኮፕተር ወደ ሐዋሳ እንግዳ ይዞ ሲመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ውጭ ኳስ ሜዳ ላይም ሊያርፍ ስለሚችል፣ ነገሩ የአብራሪዎች ብቻ አይደለም።

ጠባብ ቦታ ላይ ጣጣ የሚያመጣው ጭራው ነው። ኤች 125 በተባለው አነስተኛ ሄሊኮፕተር ዋናው ሮተር (ከላይ የሚሽከረከረው) ከመሐሉ እስከ ብሌዱ (ክንፉ) ጫፍ 5.35 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያው መሐል እስከ ጭራ ሮተሩ ጫፍ ግን 7.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። አብራሪው ብሌዱ አጥሩን እንደማይነካ አይቶ ባለበት ሲዞር፣ ጭራው ከሮተሩ ክብ ከ2 ሜትር በላይ አልፎ ይጠርጋል። ምሰሶም ይሁን የነዳጅ ቦቴ፣ እዚያ ያለውን ይመታል። ማሽኑ በራሱ ዙሪያ እንዳይዞር የሚይዘው የጭራ ሮተር ከተመታ ደግሞ ማሽኑ ይሽከረከራል፤ አብራሪው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ወዴት መዞር እንዳለበትም ማሰብ ያስፈልጋል። የዚህ ማሽን ዋና ሮተር፣ ልክ እንደ ትልቁ የሩሲያ ሄሊኮፕተር ሚ-17 ሁሉ፣ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር የቀኝ ፔዳል (አፍንጫውን ወደ ቀኝ የሚያዞረው የእግር መርገጫ) ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ የግራው ይቀንሳል። በዚያ ላይ የኤች 125 አብራሪ የሚቀመጠው በቀኝ በኩል ነው። አፍንጫውን ወደ ግራ ሲያዞር ጭራው ወደ ቀኝ ስለሚሄድ አንገቱን መለስ አድርጎ ሊከታተለው ይችላል። ምርጫ ካለ በግራ መዞር ይሻላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ሄሊኮፕተሩ ከ2,500 ሜትር በላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። ጠዋት በቂ የነበረው ፔዳል ከሰዓት፣ የሐይቁ ነፋስ ሲጨመርበት፣ ላይበቃ ይችላል።

በጎማ ፈንታ ስኪድ (የብረት መቆሚያ) ያለው ማሽን ዝናብ ያራሰው ሜዳ ላይ ሌላም ጠላት አለው። አንዱ ስኪድ ጭቃ ወይም ገመድ ይዞት ሌላው ሲነሣ፣ ማሽኑ በተያዘው በኩል ይገለበጣል። ዝንባሌው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ካለፈ መመለሻ የለውም። መዳኛው ኮሌክቲቩን (ማሽኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የእጅ ማንሻ) ወዲያው፣ ግን በእርጋታ፣ ዝቅ ማድረግ ነው። ስቦ ለማምለጥ የሚሞክር ይገለብጠዋል።

ከሮተሩ የሚወጣው ነፋስ መሬት ለመሬት የሮተሩን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ይሄዳል፤ ለኤች 125 ወደ 32 ሜትር፣ ለሚ-17 ወደ 64 ሜትር ማለት ነው። በእኛ አካባቢ በጋ ላይ ከእሳተ ገሞራ የቀረው ቀላል ጠጠርና አቧራ ተነሥቶ አብራሪውን መሬቱን ያሳጣዋል። ለአቀባበል የተዘረጋ ምንጣፍ፣ ባነርና ድንኳንም እዚያ ርቀት ውስጥ ካለ ተነሥቶ ሮተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አዘጋጆቹ ይህን ቢያውቁ ድንኳኑን እዚያ ባልተከሉት ነበር።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አኔክስ 14 ቅጽ 2፣ ሄሊኮፕተር ባለበት የሚዞርበት ማቆሚያ ከነመከላከያ ቀለበቱ የማሽኑን ጠቅላላ ርዝመት፣ ሮተሩ ሲዞር የሚደርስበትን ጨምሮ፣ ሁለት እጥፍ ስፋት እንዲኖረው ይፈልጋል። ለኤች 125 26 ሜትር፣ ለሚ-17 51 ሜትር ገደማ ይመጣል። አብራሪው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ዙሪያውን በእግሩ ይለካ። ካልበቃ አያስነሣ! ስኪዱ ላይ የመግፊያ ጎማ አስገጥሞ ሜዳው መሐል ድረስ ማስገፋት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በቂ ቦታ እያለም ሁለት ሰው ይቁምለት፤ አንዱ ከፊት ምልክት የሚሰጥ፣ ሌላው ጭራውን ብቻ የሚጠብቅ፤ ምልክት ሰጪውን ካጣው ባለበት ይቁም። እንግዳው ቸኩሏል ተብሎ ከዚህ አንዱም አይዘለል። «አይበቃም» ያለውን ካፒቴን የሚጎተጉት አለቃም ሆነ ፕሮቶኮል ኃላፊ ሊኖር አይገባም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው የምንጠይቀው ሄሊኮፕተር የሚቆምበት ክብ መሬቱ ላይ በቀለም እንዲሠመር፣ የነዳጅ ቦቴና መሬት ላይ ለቆመ ማሽን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጠው ጋሪም ከክቡ ውጭ እንዲቆሙ ነው። ሜዳ ላይ ለሚያርፈው ደግሞ ዋዜማውን ሜትር የያዘ ሰው ይላክ።

የአቪዬሽን ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ