የምረቃ ሰሞን እንግዳና የአምስተርዳም 30 ሌሊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ባርሴሎና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከንቲባው ጃውሜ ኮልቦኒ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 እንዳስታወቁት፣ ለቱሪስት የሚከራዩት 10,101 አፓርታማዎች ፈቃዳቸው አይታደስም፤ ኖቬምበር 2028 ላይ ያበቃል። ጸሐፊያችሁ የዘጋው «የእኛም ከተሞች ከወዲሁ ቢያስቡበት» ብሎ ነው። እኔ የምጽፈው ከጅማ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ ፈረንጅ አራዳ ባለው ቤቴ በምረቃ ሰሞን ሁለት ክፍል ለእንግዳ አከራያለሁ። ነገሩ ኪሴን ይነካል፤ ይህን ቀድሜ ልናገር።

ጅማን ለማያውቅ አንባቢ፦ ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅ ከተማው ይጠባል። አገር አቋርጦ የመጣ ወላጅ ሆቴል ለሆቴል ሲዞር ይመሽበታል። መናኸሪያ የሚቆሙት ደላሎች ጠዋት የጠሩትን ዋጋ ማታ አይደግሙትም። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ አባት ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ፣ ለልጃቸው የገዙትን ጫማ በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ደጃፌ ቆሙ። ከጎጃም ነበር የመጡት። ጋቢያቸውን ምድጃ ዳር ሰቀልኩላቸው፤ ቡና እስኪፈላ በርጩማው ላይ ተቀምጠው «እትዬ፣ ልጄ እኮ ሐኪም ሆነች» ብለው ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። በማግስቱ ከልጃቸው ጋር ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተው ተመለሱ። እንደ እኚህ ሰው ያሉ እንግዶችን ያሳደርኩበት ገንዘብ የቤቴን ቆርቆሮ አስቀይሮልኛል።

ጽሑፋችሁ ያላነሳው ነገር አለ። ባርሴሎና አፓርታማዎቹን በ2028 እዘጋለሁ ከማለቷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ አንዱን ክፍል ከ31 ቀን ላነሰ ጊዜ ለቱሪስት ማከራየትን ከልክላለች። ልብ በሉ፤ ማንም የማይኖርበት አፓርታማ ፈቃድ ስላለው እስከ 2028 ይሠራል፤ አንዲት አሮጊት ግን የልጇን ባዶ መኝታ ቤት ለሦስት ሌሊት ማከራየት አትችልም። እኔ እዚያ ብኖር መጀመሪያ የምመታው እኔ ነበርኩ።

የባርሴሎናዎቹ የቤት ችግር የፈጠራ ነው አልልም። ከንቲባው ራሳቸው የቤት ኪራይ በአሥር ዓመት 68 በመቶ ጨመረ ብለዋል። በጁላይ 2024 የቱሪስት ብዛት ያስመረራቸው ሰልፈኞች ካፌ የተቀመጡ ቱሪስቶችን በውኃ ሽጉጥ ሲረጩ ዓለም አይቷል። (በጅማ ክረምት የውኃ ሽጉጥ ምን ይጨምራል!)

ልጄ አምስተርዳም ነው የምትኖረው፤ የዚያን ከተማ ደንብ በስልክ በዝርዝር አስነግሬያታለሁ። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት መሆን አለበት። እሱ በሌለበት ቤቱን ለእንግዳ መስጠት የሚችለው በዓመት ቢበዛ 30 ሌሊት ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ 60 ነበር። በአንድ ጊዜ ከአራት እንግዳ በላይ አይቀበልም። ፈቃድ ያወጣል፣ የምዝገባ ቁጥሩን ማስታወቂያው ላይ ይጽፋል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስቀድሞ ለማዘጋጃ ቤቱ ያሳውቃል። ባለቤቱ እቤት እያለ ክፍል ማከራየት ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለው፤ ቁጥሩ በየሰፈሩ የተገደበ ነው፣ ግን አልተከለከለም። ልጄ «እማዬ፣ እዚህ እኮ ሰው በቢሮክራሲው ይማረራል» አለችኝ። ይማረር። ቢያንስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ይህን የምለው ከአጥሬ ጀርባ ስለሆነው ነገር ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር ግቢ ውስጥ፣ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ተከራይታ አንዲት ነርስ ከሁለት ልጆቿ ጋር አራት ዓመት ኖራለች። ዐምና ግንቦት ላይ «ቤቱ ይታደሳል» ተብላ በሁለት ሳምንት ወጣች። እድሳቱ ቀለምና ስድስት አልጋ ሆነ። ምረቃው ሲደርስ ደላላው እንግዳ በባጃጅ ያመላልስበት ጀመር፤ ከምረቃው በኋላም ለሠርገኛ፣ ለስብሰባተኛ፣ ለማንም ይከራያል። ዐዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ይላል። የእሷ ውል በቃል ነበር። ትልቁ ልጇ ትምህርት ቤት ቀይሯል፤ እሷ ከከተማው ዳር ወጥታ የሌሊት ተራ ሲደርሳት ባጃጅ ትኮናተራለች።

ያው ደላላ እኔም ዘንድ መጥቷል። የእኔን ሰርቪስ የተከራየው ወጣት መምህር ነው። «እሱን አስወጪውና በአሥራ አምስት ቀን የዓመቱን ታገኛለሽ» አለኝ። አልዋሽም፣ ያን ማታ እርሳስ አንስቼ አስልቻለሁ። ደላላው አላጋነነም፤ ሒሳቡ ከሞላ ጎደል ልክ ነበር። መምህሩ ጠዋት እንደ ወትሮው «እንዴት አደሩ» ብሎኝ ሲያልፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ታዲያ የባርሴሎና ደንብ እኔንና የጎረቤቴን ግቢ በአንድ ገመድ ያስራል። የአምስተርዳሙ ግን ይለየናል፤ «እዚህ ቤት ውስጥ ትኖራለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ሌሊት ይቆጥራል። ለእኛ ቁጥሩ 30 ይሁን 40 ከተማው ይወስን። የምረቃ ሰሞን ለብቻው ይታሰብ የሚል ቢኖርም አልቃወምም።

እኔ መቁጠር ጀምሬያለሁ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ የእንግዳውን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን እጽፋለሁ። ዐምና 19 ሌሊት ሆነ። ያንኑ ደብተር ይዤ ጥር ላይ አንድ ቢሮ ሄጄ «መዝግቡኝ፣ ግብርም ካለብኝ ንገሩኝ» ብዬ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና ገልጦ አየውና «እናቴ፣ ሆቴል ከሆኑ ንግድ ፈቃድ ያውጡ፤ ካልሆኑ ምኑን ልመዝግብልዎት?» አለኝ። ወንበር ሰጥቶኛል፣ አላመናጨቀኝም፤ የሚሞላው ቅጽ ግን አልነበረውም።

ጸሐፊያችሁ በሚቀጥለው ስለ ባርሴሎና ሳይሆን ስለዚያ ቅጽ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። ምረቃው እየደረሰ ነው፤ ደብተሬ ገና 31 ባዶ ሉክ አለው።

ጡረተኛ መምህርት፣
ከጅማ ፈረንጅ አራዳ