እማዬ፣ ብሩ ደረሰሽ?

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሰላምታውን ላሳጥረውና፣ ብሩን ትናንት ልኬያለሁ። ግማሹ የአባዬ መታከሚያ ነው፤ ለሠርጉ እንዳይነካ። «ጠፋች» ብለሽ አዝነሻል አሉ። የማድረው ሥራ ላይ ነው፣ ስመለስ ደግሞ እናንተ ዘንድ መሽቷል። ሥራው አይከብድም፣ አታስቢ።

አባዬ የጦርነት ታሪክ ስለሚወድ ይህቺን አንብቢለት። ያለሁባት ከተማ ሃቨር ደ ግሬስ ትባላለች። ሜሪላንድ ውስጥ፣ የሰስኳሃና ወንዝ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚገባበት ዳር ላይ ናት። በፈረንጆቹ ሜይ 3 ቀን 1813 ንጋት ላይ እንግሊዞች በጀልባ መጡባት። አዛዣቸው አድሚራል ኮክበርን ነበር፤ በዓመቱ ዋሽንግተንን ካቃጠሉት አንዱ። በመድፍና በሮኬት ሲደበድቧት ዘቡ ሸሸ። ጆን ኦኒል የሚባል ሰው ግን መድፉ ጋ ቀረ። ስደተኛ ነው፣ ከአየርላንድ የመጣ። መድፉ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ጭኑን እስኪመታው ድረስ ብቻውን ተኮሰ። ከዚያ ማረኩት። ከ60 ገደማ ቤቶች 40 ያህሉ ነደዱ።

ልጁ ማቲልዳ በጀልባ መርከባቸው ድረስ ሄዳ «አባቴን ልቀቁልኝ» ብላ ለመነች ይባላል። ለቀቁት። በ1827 የመርከብ መብራት ማማ ሲሠራ ጠባቂ ሆኖ ተሾመ። ለመታሰቢያው የቆመ መድፍ አሁንም ማማው አጠገብ አለ። ጠዋት ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ ከቅዝቃዜው። ሁልጊዜ የማስበው ልጅቷን ነው። እሷ አባቷ ጋ ደረሰች። የእኔ ወረቀት ገና አላለቀም፤ አሁን ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እንጂማ አባዬን ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ሰው «ልጁ አሜሪካ ሆና» እያለ ሲያወራ ይህን ንገሪልኝ።

እዚህ ውኃ ባየሁ ቁጥር ገፈርሳ ይመጣብኛል። ቡራዩ ዝናብ ጀመረ? የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ረጥቦ፣ ምጣዱ አልግል ብሎሽ፣ በጭሱ ዓይንሽን እያሻሸሽ… ያ ጭስ እንኳ ናፈቀኝ።

ሚሚዬን ጥልፉን ራሷ ትምረጥ በያት፤ የሐበሻ ቀሚሷን የማሠራላት እኔ ነኝ። ለሠርጉ ተበደሩ እንዳልሰማ። ድንኳኑ ሰፈሩን ከያዘ ይበቃል። ቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ አባዬ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ብዙ አያቁሙት።

ስልክ ላይ «ደህና ነው» እያልሽ አታልፊኝ። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት በሚሚ ስልክ አስነሺና ላኪልኝ። ዛሬውኑ።

ልጅሽ